ሦስት ተብለን የተቆጠርን ዕለት

የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ በግድግዳው ላይ የበራውን ሰንጠረዥ እያመለከቱ «ጥቁር የዶክትሬት ተማሪዎቻችን ከአንድ ወደ ሦስት አድገዋል» ሲሉ፣ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። መምህራኑም ተማሪዎቹም አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብሁ። ከናይጄሪያ የመጣው ባልደረባዬ ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሦስተኛዋ፣ ከደቡብ አሜሪካዋ ግዛት ሳይሆን ከዚያው ከአሜሪካ፣ ከደቡባዊቷ ሚሲሲፒ ግዛት የመጣችው ጓደኛዬ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ሰንጠረዡን ብቻ ትመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ያ ጭብጨባ፣ ከሁሉም በላይ የራሴው ጭብጨባ፣ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። ስብሰባው የተጠራው የዘር እኩልነት ኮሚቴው ዓመታዊ ሪፖርቱን እንዲያቀርብ ነበር። ኮሚቴው ራሱ የተቋቋመው ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የትምህርት ክፍሎች ተራ በተራ ዘረኝነትን የሚቃወም መግለጫ በሚያወጡበት ሰሞን ነው። የእኛም መግለጫ በመስታወት ተሸፍኖ በኮሪደሩ ላይ፣ ከቀድሞ ኃላፊዎች ፎቶግራፎች ትይዩ ተሰቅሏል። ፎቶግራፎቹ ዐሥራ አንድ ናቸው፤ በዐሥራ አንዱም ውስጥ አንድ ጥቁር ፊት የለም።

ስብሰባው አልቆ ደረጃ ስንወርድ ጓደኛዬ ቆም አለችና «ሲቆጥሩህ ምን ተሰማህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ቃለ መጠይቅ ማድረግ የለመደ ተመራማሪ መልሱን አስቀድሞ ሳይገምት እንደሚጠይቀው ዓይነት ጥያቄ ነበር። «ደስ አለኝ» አልኋት፤ እውነቴን ነበር። «ይገባኛል» ብላ መውረዷን ቀጠለች። እኔ ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቀረሁ፤ ምን እንደገባት አልገባኝምና።

ዘር መቁጠር

ወደ ፊት ከመሄዴ በፊት ለትምህርት ክፍሉ ልመስክርለት። ሰው የሚወድ ቤት ነው። ዓርብ ዓርብ ምሳችንን በየዕቃችን ይዘን በአንድ ክፍል እንሰበሰባለን፤ አንዱ ገና ያልጨረሰውን ጥናት ያቀርባል፣ ሌሎቻችን እየበላን እንተቸዋለን። አዲስ ለመጣ ተማሪ የሚከራይ ቤት የሚያፈላልግለት አይጠፋም። እኔ ራሴ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያለፍሁት አንድ አዛውንት ፕሮፌሰር በሰጡኝ ካፖርት ነው። ይህን የምለው የምተርከው ነገር ክፉ ሰዎች ተማክረው የሠሩት እንዳይመስል ነው። ክፉ ሰዎች ቢሆኑማ ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላስቸገረኝ።

የኮሚቴው አባል መሆኔን በስልክ ለእናቴ ስነግራት ደነገጠች። «የዘር እኩልነት ኮሚቴ» የሚለውን ቃል በቃል ተርጉሜላት ነበርና «ልጄ፣ እዚህ ዘር የሚቆጥረው አንሶ ደግሞ እዚያ ሄደህ ዘር ልትቆጥር ነው?» አለችኝ። በእኛ አገር ዘር መቁጠር አያት ቅድመ አያትን መዘርዘር ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ትርጉሙ ከፍቶ ሰው በየብሔሩ የሚለይበት ሆኗል። እዚህ ያለው በቆዳ ቀለም ላይ የቆመ ሌላ ነገር መሆኑን ላስረዳት ሞከርሁ። «ታዲያ ቀለም ከሆነ አንተ ጠይም ነህ» ብላ ዘጋችው። ሳቅሁ። ሆኖም ከእናቴ አነጋገር ውስጥ አንድ እውነት ነበር። አዲስ አበባ ሳድግ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚባለው ነገር በአንድ እናት ልጆች መካከል የሚለያይ የመልክ መግለጫ እንጂ የወገን ስም አልነበረም። አሜሪካ ስገባ ቤተሰባችን በሙሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ገባ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ እንኳ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሣጥን ሥር በምሳሌነት ከተጻፉት መካከል ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ሶማሊያዊ ከሚሉት ጋር «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ታትሟል። ስማችንን እዚያ ሳይ፣ ልደብቀው አልፈልግም፣ ኩራት ቢጤ ተሰምቶኛል።

ጓደኛዬ የጠየቀችኝ ግን ስለ ሣጥኑ አልነበረም። ከ2004 ጀምሮ የሃርቫርድ ፕሮፌሰሮቹ ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በዩኒቨርሲቲያቸው ያሉ ጥቁር ተማሪዎች አብዛኞቹ ከካሪቢያንና ከአፍሪካ የመጡ ወይም የእነዚህ ልጆች መሆናቸውን በአደባባይ ሲያነሡ፣ በአሜሪካ ምሁራን ዘንድ ክርክር ተቀስቅሶ ነበር። በ2007 ደግሞ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪው ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪ መርጠው በሚቀበሉ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች ከመቶ 27ቱ ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ሆነው ተገኙ፤ በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉት የአገሪቱ ጥቁር ወጣቶች መካከል ግን የእነዚህ ድርሻ ከመቶ 13 ብቻ ነበር። ይህን ጥናት አንብቤዋለሁ። ለፈተና ነው ያነበብሁት፤ ቁጥሮቹን በቃሌ ይዤ፣ ዘዴውን ተችቼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ስለ እኔ የተጻፈ መሆኑ ግን ደረጃው ላይ እስከቀረሁበት ዕለት ድረስ አልታየኝም ነበር።

ከአገሩ ወጥቶ ውቅያኖስ የሚሻገር ሰው ብዙውን ጊዜ ከየቤቱ ተመርጦ የወጣ ነው። የእኔ አባት አስተማሪ ነበር፤ ቤታችን ገንዘብ ባይኖረውም መጽሐፍ ነበረው። የጓደኛዬ አያት ደግሞ ልጅ በነበረችበት ጊዜ የሚሲሲፒ የነጮች ትምህርት ቤት በር በሕግ ተዘግቶባታል። መግለጫችን «ታሪካዊ በደልን ለመካስ» ሲል የሚናገረው ስለ እሷ አያት እንጂ ስለ እኔ አባት አይደለም። ሰንጠረዡ ግን ካሳው ተከፈለ ብሎ የሚመሰክረው በእኔ ነበር። «በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» የሚለው ተረት ያን ሰሞን ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። መጀመሪያ የሰደብሁበት የትምህርት ክፍሉን ነው። በልጁ ስም የተጋገረውን ከበሉት አንዱ እኔ መሆኔን ለማመን ተጨማሪ ጊዜ ወሰደብኝ።

የሎስ አንጀለሱ ቲኬት

ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ጓደኛዬ ተቀባይነት ያገኘ ጥናቷን ከአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ ማንሣቷን ሰማሁ። የዚያ ዓመቱ ጉባኤ በነሐሴ በሎስ አንጀለስ የሚካሄድ ነበር። ለዶክትሬት ተማሪ ያ ጉባኤ ሥራ የሚገኝበት፣ ስሙን ብቻ የሚያውቁት ሰው በአካል የሚያዩት ቦታ ነው። ለምን እንደቀረች ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ኋላ ላይ ነው ነገሩን የነገረችኝ።

ትምህርት ክፍሉ ለጉባኤ የሚሄድን ተማሪ ወጪ ይሸፍናል። በወረቀት ላይ ለሁላችንም እኩል ነው፤ ለነጩም ለጥቁሩም ጣሪያው አንድ ነው። አሠራሩ ግን ተማሪው አስቀድሞ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ከኪሱ ይከፍልና፣ ሲመለስ ደረሰኙን አያይዞ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቆ ገንዘቡን የሚያገኝበት ነው። አብዛኞቹ የክፍሌ ልጆች ይህን ወጪ በወላጆቻቸው ካርድ ይከፍሉታል። እኔ የከፈልሁት በዕቁብ ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምንጥለው ዕቁብ ነበረን፤ ዕጣው ገና ባይደርሰኝም የዕቁቡን ዳኛ ለምኜ፣ ዕጣ ከወጣለት አንድ ወንድም ጋር ተራ ተቀያይሬ፣ ቲኬቴን ቆረጥሁ። ጓደኛዬ የወላጅ ካርድም ዕቁብም አልነበራትም። ከተማሪ ደመወዟ ላይ በየወሩ ለአያቷ መድኃኒት ትልክ ነበር። ለአገር ቤት ገንዘብ የምንልክ እኛ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር ይህም ራሱ አስገርሞኛል።

የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በዚያው በ2022 ባካሄደው የቤተሰብ ሀብት ጥናት፣ የመካከለኛው ነጭ ቤተሰብ የተጣራ ሀብት 285,000 ዶላር፣ የመካከለኛው ጥቁር ቤተሰብ ደግሞ 44,900 ዶላር ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ልዩነት በየሴሚስተሩ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ እየጻፍሁ አስተምራለሁ፤ ደመወዝ ሳይሆን ሀብት ነው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው እያልሁ። ይህ ሁሉ ንድፈ ሐሳብ በአንድ የደረሰኝ ቅጽ ውስጥ ተቀምጦ በጽሕፈት ቤታችን መሳቢያ ይኖር እንደነበር ማንም ልብ አላለም። የእኩልነት ኮሚቴው በበኩሉ፣ እኔም ባለሁበት፣ «ቁርጠኞች ነን» እንበል ወይስ «እንተጋለን» በሚለው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክሯል። «እንተጋለን» አሸነፈ።

ነገሩን በመጨረሻ የፈታችው የጽሕፈት ቤቱ አስተዳዳሪ ናት። በኮሚቴው ውስጥ የለችም፤ በስብሰባዎቻችንም ቡናውን አዝዛ ትወጣለች እንጂ አትቀመጥም። ጓደኛዬን አስፈቅጄ፣ ስሟን ሳልጠራ፣ ችግሩን ብነግራት «ይሄማ በትምህርት ክፍሉ ካርድ በቀጥታ ሊከፈል ይችላል፤ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ አራት መስመር ደብዳቤ ለሁላችን ላከች፤ ከዚያ ወዲህ ተማሪ ከኪሱ አስቀድሞ አይከፍልም። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከዋሽንግተን የመጣው ግፊት በየዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያሉ መግለጫዎችን ሲያስወርድ የእኛም ባለመስታወቱ መግለጫ ከኮሪደሩ ወረደ፤ የካርዱ አሠራር ግን እንዳለ ነው። የሚያወርደው ሰው አይቶት አያውቅም።

የአድዋና የፊላደልፊያ ዓመት

ከጓደኛዬ ጋር እንደገና በሰፊው የተነጋገርነው ለብቃት ፈተና አብረን ስናጠና ነው። በንባብ ዝርዝሩ ላይ የሶሲዮሎጂ መሥራቾች የሚባሉት ማርክስ፣ ቬበርና ዱርካይም ግዴታ ሲሆኑ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ «ዘርን ለሚያጠኑ» በሚል በአማራጭነት ተቀምጦ ነበር። ቬበር ራሱ በ1906 የዱ ቦይስን ጽሑፍ በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አትሞለት እንደነበር ሳስታውስ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ቬበርንም በደንብ ያነበበው አልመስልህ ይለኛል።

ዱ ቦይስ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ1896 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ «የሶሲዮሎጂ ረዳት» አድርጎ ቀጠረውና ወደ ፊላደልፊያ ሰባተኛ ቀበሌ ገባ። እዚያው ከሚያጠናው ጥቁር ሕዝብ ጋር እየኖረ ቤት ለቤት ዞሮ ወደ 2,500 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ጠየቀ፤ በ1899 የታተመው መጽሐፉ ዛሬ የከተማ ጥናት ፈር ቀዳጅ ተብሎ ይጠራል። ዩኒቨርሲቲው ግን፣ ዱ ቦይስ ራሱ እንደመሰከረው፣ ቢሮ አልሰጠውም፣ ከተማሪዎች ጋር አላገናኘውም፣ ስሙም በመምህራኑ ዝርዝር ላይ ሳይሰፍር ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲው የክብር ፕሮፌሰርነት የሰጠው በ2012 ነው፤ ከተቀጠረ ከ116 ዓመት፣ ከሞተ ከ49 ዓመት በኋላ። እርሱ ሠርቶ አልተቆጠረም፤ እኔ ሳልሠራ ተቆጠርሁ።

1896 ሲባል ለኢትዮጵያዊ ምን እንደሚመጣበት መናገር አያስፈልግም። እኔም አላስቻለኝምና ለጓደኛዬ ስለ አድዋ ነገርኋት፤ በቅኝ አለመገዛታችንን፣ እኛ ራሳችንን የምናይበት ዓይን ከጥቁር አሜሪካውያን የተለየ መሆኑን፣ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጭና ጥቁርን ለይቶ ማስቀመጥ ሕጋዊ ነው ብሎ የፈረደ መሆኑን ሳይቀር እያነጻጸርሁ አወራኋት። አሁን ሳስበው ያን ሁሉ የተናገርሁት ከእርሷ ራቅ ብዬ ለመቆም ነበር።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያም እርሷ ያደገችባት ጋልፍፖርት የምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ያደገባት ከተማ መሆኗን፣ በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ ሮቢንሰን አዲስ አበባ ገብቶ ለንጉሠ ነገሥቱ መብረሩን፣ የቅድመ አያቷ ቤተ ክርስቲያን ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ ሳንቲም ማዋጣቷን ነገረችኝ። ሮቢንሰን በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ እንደሞተና እዚያው እንደተቀበረ ታውቃለች። እኔ ተወልጄ ያደግሁት በዚያ ከተማ ነው፤ መቃብሩን አይቼው አላውቅም። «ቅድመ አያቴ እናንተን ስትቆጥር የራሷ ወገን አድርጋ ነበር» አለችኝ። በዚህ ላይ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያስታወስሁት አድዋን አልነበረም። በሰፈራችን ትኖር የነበረች አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ፤ ጎረቤት ሁሉ በፊቷ «እትዬ» እያለ ከጀርባዋ የሚጠራት በሌላ ቃል ነበር። ቃሉን እዚህ አልደግመውም፤ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን እኔ ልጅ ሆኜ በጆሮዬ እስክሰማው ድረስ ኖሯል። የእናቴ «ጠይም ነህ» ማለት ከዚያ ቃል ጋር ምን ያህል እንደሚዛመድ ማሰብ ስጀምር ብርድ ልብሱን ወርውሬ ተነሣሁ። እናቴን እንዲህ አድርጌ መመርመሬም ከብዶኝ ነበር።

አንድ መስመር

በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ሰንጠረዡ ለሁለት መስመር እንዲከፈል ሐሳብ አቀረብሁ፤ ቤተሰቦቻቸው በአሜሪካ የባርነት ዘመን ያለፉ ጥቁር ተማሪዎች በአንዱ፣ ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች በሌላው። ኃላፊው ከልባቸው ተጨነቁ። «ይህ እናንተን እርስ በርስ መከፋፈል አይሆንም?» አሉኝ። እርሳቸው ያሉት ቀላል ነገር አይደለም። ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ቤት መስመር መክፈል ማን የት እንዳለ በስም እንደመጥራት ነው።

የበረታው ተቃውሞ የመጣው ግን ከናይጄሪያዊው ባልደረባዬ ነው። «ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆመኝ ቅድመ አያቴ የት እንደተወለደ አይጠይቀኝም» አለ። መልስ አልነበረኝም። ሙሉጌታ ሥራው በኅዳር 1988 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ መንገድ ላይ ራሳቸውን በተላጩ ነጭ ዘረኞች ተደብድቦ ሲገደል ኢትዮጵያዊነቱን የጠየቀው አልነበረም፤ ለትምህርት የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ገዳዮቹን ቀስቅሷል በተባለው ድርጅትና መሪው ላይ በ1990 የ12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈርዷል። በዚያ መንገድ ላይ እኔም፣ ባልደረባዬም፣ ጓደኛዬም አንድ መስመር ነን። በመግቢያ ማመልከቻው ላይ ግን አንድ አይደለንም። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንድ ሰንጠረዥ ሁለቱንም እንዴት እንደሚይዝ እኔ ዛሬም አላውቅም። በክርክሩ መካከል ጓደኛዬ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። እርሷ ግን የዝምታዋን ምክንያት ኋላ ነግራኛለች፤ በየስብሰባው ስለ ራሷ ወገን እንድታስረዳ መጠየቁ ሰልችቷት ነበር። ኮሚቴ፣ አቀባበል፣ ለአዳዲስ ተማሪዎች ማበረታቻ ንግግር፣ ሁሉም ወደ እርሷ ይመጣል፤ የመመረቂያ ጽሑፏን ግን የሚጽፍላት የለም።

ሐሳቡ በግማሽ ድምፅ ልዩነት ሊባል በሚችል ሁኔታ አለፈ፤ መስመሩ በሰንጠረዡ ውስጥ ሳይሆን ከሥሩ በትንሽ ፊደል በማስታወሻነት እንዲገባ ተስማማን።

ጓደኛዬ በ2023 ጸደይ ማስተርሷን ይዛ ወጣች። ሎስ አንጀለስ ሳይሆን ሌላ ጉባኤ ላይ፣ በካርዱ በተቆረጠላት ቲኬት ሄዳ ካገኘቻቸው ሰዎች በኩል፣ በደቡብ ሥራ አግኝታ ነበር። የምሳ ዕቃዋን የምታስቀምጥበትን መደርደሪያ ባዶ አድርጋ፣ ቁልፉን ለጽሕፈት ቤቱ አስተዳዳሪ ሰጥታ፣ እኔን በኮሪደሩ ላይ አቅፋ ሄደች። ስለዚያ የደረጃው ላይ ጥያቄ ሁለታችንም አላነሣንም።

በዚያው ዓመት በመስከረም ከጋና አንድ ተማሪ ተቀበልን። በኅዳር ዓመታዊው ሪፖርት ሲቀርብ ሰንጠረዡ በግድግዳው ላይ በራ፤ ጥቁር የዶክትሬት ተማሪዎች፣ ሦስት፤ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር፣ ለውጥ የለም። ከሥሩ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ማንበብ አይቻልም ነበርና ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድሁ። ስደተኞችና የስደተኛ ልጆች፣ ሦስት። በሁለተኛው መስመር ላይ ዜሮ ተጽፏል። ኃላፊው ወደሚቀጥለው ገጽ ሊያልፉ እጃቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈው ነበር፤ «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» አልኋቸው።